ዓቢዳ ያልለቀቀችው ክፍል

ዓቢዳ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ መርሳ ከተማ አሥራ አንድ ቤት ተከራይታለች። ቁጥሩን የምትይዘው እሷ ናት። ያለፈ ነገር ስታወራ ዓመተ ምሕረት አትጠራም፤ «ያኔ አምስተኛው ቤት እያለሁ» ነው የምትለው። አንዱን የለቀቀችው የባለቤቱ ልጅ ሲዳር ክፍሉ ለሙሽሮች ስለተፈለገ ነው። አንዱን ኪራይ ሲጨመርባት። አንዱን ጦርነቱ መጥቶ ሁላችንም በሸሸን ጊዜ፤ ስትመለስ በሩን ነቅለው ወስደውት ነበር። ስድስተኛውን የለቀቀችበትን ስትናገር ግን እስከ ዛሬ ድምፅዋ ይለወጣል። ሚስማር መትታ ነው።

ተከራይ ግድግዳ ላይ ሚስማር አይመታም። የጭቃ ግድግዳ አንዴ ከተመታ ልስኑ በመዳፍ ልክ ይረግፋል፣ አከራይም ይህን አይወድም። ዓቢዳ የሶላት ልብሷን የምትሰቅልበት አንድ ሚስማር ብቻ መታች። ባለቤቲቱ በሳምንቱ ልቀቂ አለቻት። ከዚያ ወዲህ ልብሷ የሚቀመጠው ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ነው። የምትፈልገውን ታወጣለች፣ ለብሳ ስትጨርስ አጥፋ መልሳ ታስገባለች፣ አፉን ታስረዋለች። ነገ ልቀቂ ቢሏት ለመነሳት ሩብ ሰዓት አይፈጅባትም።

የተዋወቅነው ሲሪንቃ፣ የምርምር ማዕከሉ ማሳ ላይ ነው። ሁለታችንም በቀን ሠራተኝነት ገብተን በኋላ ቋሚ የሆንን ነን። እኔ ትምህርት ያቆምኩት ከአምስተኛ ነው። እሷ ስምንተኛን ጨርሳለች፤ ስለዚህ እኔ ረድፉን እጠራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። መስከረም ሲመጣ ሥራችን የማሽላ ራስ በወረቀት ከረጢት መሸፈን ነው። አንዱ ዘር ከሌላው እንዳይዳቀል አበባው ሳይፈነዳ ቀድመን እንሸፍነዋለን፣ ወረቀቱ ላይ ቀኑን እንጽፋለን። አንድ ቀን ከዘገየን የዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ዓቢዳ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ረድፍ ዘልላ አታውቅም። ግን መቀመጥ የሚባል ነገር አታውቅም። ምሳ ሰዓት ሁላችን ጥላ ስንይዝ እሷ ቆማ ትበላለች።

«ተቀመጪ እንጂ!» እንላታለን።

«ተቀምጬ ልነሳ ነው?» ትለናለች።

አሥራ አንደኛው ቤቷ የአያ ታደሰ ግቢ ነበር፣ የኋላ ክፍል። አያ ታደሰ አናጢ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ሁለት ክፍል ባለው የፊት ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ግቢው ሰፊ አይደለም፤ አንድ ማንጎና አንድ የውሃ ቧንቧ አለው። ዓቢዳ እዚያ አራት ዓመት ቆየች፤ ለእሷ ይህ ረጅም ዕድሜ ነው። ባለፈው መስከረም መጀመሪያ ወልድያ ያለችው ልጃቸው ሜሮን መጥታ «ከእንግዲህ ብቻህን አትሆንም፣ ከእኔ ጋር ትኖራለህ» አለቻቸው። አያ ታደሰ በማግስቱ ዓቢዳን ጠሯት።

«ቤቱን ልሸጠው ነው» አሏት።

«እኔንስ?»

«አንቺንም አብሬ ልሽጥሽ እንዴ? ገዢው የሚያደርግሽን እኔ ምን አውቃለሁ።»

መጥረጊያ ይዛ ነበር። መጥረጓን አላቆመችም። «ስንት ይላሉ?» አለቻቸው አፈር አፈሩን እያየች።

«ለኑርሁሴን አራት መቶ ሃያ ሺህ ብያለሁ። ለአንቺ አራት መቶ ይሁን። አራት ዓመት ሙሉ ውሃዬን ቀድተሻል።»

ኑርሁሴን የውርጌሳ እህል ነጋዴ ነው። ጥሬ ገንዘብ አለው፣ ቦታውን ለመጋዘን ይፈልገዋል።

ዓቢዳ ያላት አንድ መቶ ሠላሳ አምስት ሺህ ብር ነበር። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ደሞዝ ላይ የተቆነጠረ ነው። ወለድ ያለበት ብድር ደግሞ አትነካም። «ወለድ በገዛው ጣራ ሥር የምሰግደው ሶላት ወዴት ይወጣል?» አለችኝ። ስለዚህ ወልድያ፣ ከወለድ ነፃ የሚያስተናግድ መስኮት ወዳለው ባንክ ሄድን። ፍፁም የሚባል ልጅ እግር ሠራተኛ አስቀምጦ አስረዳን። ባንኩ ቤቱን ከሻጩ ይገዛል፣ ትርፉን ጨምሮ ለእሷ ይሸጥላታል፣ እሷ በአሥራ አምስት ዓመት ቀስ እያለች ትከፍላለች።

«ከአሥር እጅ ሦስቱን እርስዎ ያስቀምጣሉ፣ ሰባቱን እኛ» አላት። «ቤቱ አራት መቶ ሺህ ከሆነ መቶ ሃያው የእርስዎ፣ ሁለት መቶ ሰማንያው የእኛ ነው።» ከዚያ በሁለት በኩል የተጻፈበት አንድ ወረቀት ሰጣት።

ወረቀቱን አጥፋ ከጡቷ ሥር ከተተችው። መቶ ሃያው አለ፣ አሥራ አምስት ሺህም ይተርፋል። ከወልድያ እስከ መርሳ መንገዱን ሁሉ ስታወራ ነው የመጣችው።

በሦስተኛው ቀን ቀብድ ሰጠች። ከመቶ ሃያው ላይ አርባ ሺውን ለአያ ታደሰ ከፈለች፤ ባንኩም ይህን ከድርሻዋ እንደሚቆጥርላት ነግሯት ነበር። ሰማንያው ባንክ ተቀመጠ። ውሉ ሲጻፍ ሜሮን አንድ ነገር አስጨመረች። በአርባ አምስት ቀን ውስጥ ቀሪው ካልተከፈለ ቀብዱ ይቀራል፣ ቤቱም ለፈለጉት ይሸጣል። አያ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ግን ፈረሙ። ዓቢዳም ፈረመች። ለምን ትፈራለች? ያኔ የጎደለ ነገር አልነበረም።

የጎደለው በሚቀጥለው ሐሙስ ነው።

በኛ አገር ሰው እንዲህ ያለ ነገር ጀምሮ ጎረቤቱን ሳያበላና ዱአ ሳያስደርግ አይቀመጥም። ጎረቤቱ ደግሞ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ነው። ማዕዳችን አንድ ነው፣ ሥጋችን ግን ለየብቻ ነው የሚታረደው። ስለዚህ ድግስ ያለው ሰው ሁለት ያርዳል። ዓቢዳም ጾም የሌለበትን ቀን ብላ ሐሙስን መረጠች፣ ግራና ከተማ ገበያ ሄዳ ሁለት በግ ይዛ መጣች።

«ምን ነካሽ? ቆሎና ዳቦ ይበቃ ነበር» አልኳት።

«የአንቺ ልጅ ክርስትና ለብቻዬ ዶሮ አሳርደሽ አላበላሽኝም? የአያ ታደሰ ሚስት ተዝካር ለእኛ ብለው ሙክት አላሳረዱም? ሃያ ዓመት የበላሁትን በቆሎ ልመልስ?»

አንዱን በግ ሼህ አብዱልሐሊም ቢስሚላህ ብለው አረዱ። ሌላውን አያ ታደሰ በስመ አብ ብለው። ሰው በላ፣ ጠጣ፣ መረቀ። ሼሁ «አላህ ከዚህ ቤት አያንቀሳቅስሽ» ሲሉ ዓቢዳ ጨርቋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እንግዳው ሲበተን ከአሥራ አምስት ሺዋ የቀረው አምስት መቶ ብር ነበር።

ሰኞ ፍፁም ደወለ። ከማሳው አስፈቅደን ወልድያ ወጣን።

«ፋይልዎን ለመክፈት የአገልግሎት ክፍያው፣ መሐንዲስ መጥቶ ቤቱን የሚገምትበት፣ መድኑ ተደምሮ አሥራ ሁለት ሺህ ብር ነው» አላት።

ዓቢዳ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። «ወለድ የለውም አላልከኝም፣ ልጄ?»

«ወለድ አይደለም፣ እናቴ። ትርፍም አይደለም። ገና ብሩ ሳይወጣ ለሥራው የሚከፈል ነው። የመጀመሪያ ቀን በሰጠሁዎት ወረቀት ጀርባ ላይ አለ።»

ወረቀቱን ከጡቷ ሥር አውጥታ ገለበጠችው። አለ። ያነበበችው ፊቱን ብቻ ነበር። ጀርባውን ልታነብ የሚገባትን ቀን ግራና ገበያ በግ ስታማርጥ ዋለች።

«እንግዲያው ካስቀመጥኩት ላይ ቁረጠው» አለች።

ፍፁም ካልኩሌተሩን ሳበ። «ከዚያ ላይ ከቆረጥኩ ድርሻዎ ከመቶ ሃያ ወደ መቶ ስምንት ይወርዳል። የእርስዎ ሦስት እጅ ሲቀንስ የእኛም ሰባት አብሮ ይቀንሳል። ሁለት መቶ ሰማንያ የነበረው ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት ይሆናል። ሲደመር ሦስት መቶ ስልሳ ነው። ለሻጩ አርባ ሺህ ብር ይጎድላል።»

«አሥራ ሁለት ወጥቶ አርባ ይጎድላል?» ያልኩት እኔ ነኝ። አላስቻለኝም።

«እንደዚያ ነው፣ እትዬ። እሳቸው ያስቀመጡት እያንዳንዱ ሦስት ብር ከእኛ ሰባት ብር ይጠራል። እሳቸው አንዱን ሲያነሱ የእኛም ተከትሎ ይነሳል።»

«እሺ፣ እናንተ በምትሰጡት ላይ ጨምሩትና ቀስ ብዬ ልክፈላችሁ» አለች ዓቢዳ።

«ከሰባት እጅ በላይ አይፈቀድልንም። ቢፈቀድ እንኳ አልመክርዎትም፤ በአሥራ ሁለቱ ላይም አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ትርፍ ይታሰብበታል። ከውጭ አሥራ ሁለት ሺህ በእጅዎ ይዘው ይምጡ። በዚያው ሳምንት እጨርስልዎታለሁ።»

ልጁ ክፉ አልነበረም። ውሃ አምጥቶልናል። ውሃውን ቆማ ጠጣች።

ስንመለስ መርሳ እስክንደርስ አልታገሰችም፤ ሲሪንቃ ላይ ወርዳ በእግሯ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያየኋት ሰው ሌላ ናት። ከደሞዝ ላይ ብድር ጠየቀች፤ በሰኔ ለወንድሟ ሕመም ስለወሰደች በዓመቱ ሁለተኛ አይሰጥም ተባለች። ግራና ያለው ወንድሟ ጋ ሄደች፤ «ሽንኩርቱ በጥር ሲነሳ» አላት። ጥር የት፣ እኛ የት። ጠዋት ማሳ ስንገባ ቀኑን ትጠራልኛለች፤ «ሠላሳ አንድ ቀረ»፣ «ሃያ ስድስት ቀረ»። ቤቱ ቢቀር ሌላ ትከራያለች። አርባ ሺው ግን የስድስት ዓመት ቁጠባ ነው፤ እሱ ከቀረ ዳግም ሦስት እጅ የሚባል ነገር በዕድሜዋ አታስቀምጥም። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን፤ አንነጋገርበትም።

ኑርሁሴን ደግሞ ከሥራ ስንመለስ መንገድ ዳር ቆሞ ጣራውን ሲያይ እናገኘዋለን።

«ሰላም ዓለይኩም ዓቢዳ። ቆርቆሮው ዝጓል መሰል?»

«ወዓለይኩም ሰላም። ለእኔ ይደርሳል።»

«እኔ ክፋት የለኝም። አላህ ለአንቺ ያለው ለአንቺ ነው፣ ለእኔ ያለው ለእኔ።»

«አላህ ያለውን ለማየት ነው በየማታው ከውርጌሳ የምትመጣው?»

ሳቀ። ዓቢዳ አልሳቀችም።

ከዚያ በማሳው አንድ ቀን ከኋላዋ ስከተል ያልተሸፈነ ረድፍ አየሁ። አሥራ አራት የማሽላ ራስ ራቁቱን ቆሟል። ቀጥሎ ያለው ረድፍ ላይ ደግሞ የነገን ቀን ጽፋለች። ኃላፊው ሳያይ ሸፈንኩ፣ የተሳሳተውን ወረቀት ቀየርኩ። ምሳ ሰዓት ልቤ ስለከበደኝ ላስቃት ብዬ «እነዚያ በጎች አሁን ቢኖሩ ኖሮ...» አልኳት።

«በልተሻቸው የለ!» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ጎኑን ነው የበላሁት።

እኔም ተከራይ ነኝ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ጥሩምባ ከሚነፉ መኪናዎች አጠገብ፣ መንገድ ዳር ባለ አንድ ክፍል ነው የምኖረው፤ አከራዬ ለጥቅምት ኪራይ እንደሚጨምር ነግሮኝ ነበር። ለጉልበቴ መታከሚያ ደሴ ልሄድበት ያስቀመጥኩት አሥራ ሦስት ሺህ ብር አለኝ። ይህን ብር ሳስበው ሰነበትኩ። ብድር ብሰጣት መቼ ትመልስልኛለች? ወር በገባ ቁጥር ለባንክ ልትከፍል ነው። ስጦታ አልሰጥ፣ ሀብታም አይደለሁ። አንድ ቀን ወረቀት ከረጢት እያጠፍኩ ሳለሁ መጣልኝ።

«ዓቢ፣ የፊት ቤቱ በወር ስንት ይከራያል?» አልኳት።

«ሁለት ሺህ። ምነው?»

«የስድስት ወር ቅድሚያ ስንት ይመጣል?»

ቆመች። ቀድሞም ቆማ ነበር፤ እጇ ቆመ ማለቴ ነው። «ደብሪቱ፣ ስጪኝ ብየሻለሁ?»

«ማን ሰጠሽ? ልከራይ ነው እንጂ። እኔም ጥሩምባ ሰልችቶኛል።»

«ቤቱ ገና የእኔ አይደለም እኮ።»

«የማን እንደሆነ አናውቅም እንዴ? እንሂድ።»

አሥራ አንድ ቀን ቀርቶ ነበር። አያ ታደሰ በረንዳቸው ላይ የአናጢ ዕቃቸውን ዘርግተው፣ ምን እንደሚወስዱ ምን እንደሚተዉ ሲያማርጡ አገኘናቸው። ሳምንት ሙሉ ሲያማርጡ ነበር፤ አንድም አልተለየም። ነገሩን እኔ ነገርኳቸው።

«ቆይ ቆይ» አሉ መጋዝ እንደያዙ። «ቤቴን ላንቺ ላከራይ፣ ኪራዩን ለገዢዬ ላስረክብ፣ እሷ በዚያ ብር ባንክ አስፈቅዳ እኔኑ ትግዛኝ? ይህን የሚቀበል ሞኝ ወሎ ውስጥ አለ?»

«በጓን የበሉ ሽማግሌ ግን አሉ፣ አያ» አልኳቸው።

«የበላሁትን እያስታወስሽ ነው?»

«ማስታወስስ ያስታወስኩት እኔም ስለበላሁ ነው።»

በሳቅ ፈርሰው ሳል ያዛቸው። ዓቢዳ ውሃ ልታመጣ ሮጠች። ሳላቸው ሲያልፍ ግን ፊታቸው ሌላ ሆነ። ማንጎውን፣ ቧንቧውን፣ በሩን ዞር ዞር ብለው አዩ።

«አንቺ እንድትገቢ እኔ ልወጣ ነው ማለት ነው» አሉ። «አሁኑኑ።»

«አዎ፣ አያ። የሁለት ቤት ኪራይ አልችልም።»

«እኔ እስከ መጨረሻዋ ቀን ልቀመጥ ነበር ያሰብኩት። አሥራ አንድ ቀን ነው የምትወስዱብኝ።»

ዓቢዳ ብርጭቆውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ይቅር» አለች። «ይቅር አያ፣ ይቀመጡ። እኔ ሰው ከቤቱ አላስወጣም። ስንቴ አስወጥተውኛል፣ እኔ አላስወጣም።»

ሽማግሌው መጋዙን አስቀመጡ። «ዝም በይ» አሏት። «ያ ነጋዴ በየማታው ጣራዬን ሲያይ ሬሳዬን የሚጠብቅ ነው የሚመስለኝ። ለሜሮን እኔ እነግራታለሁ። ትቆጣለች። ትቆጣ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄዱ። አንድ አልጋ፣ አንድ ሳጥን፣ የሚስታቸውን ፎቶ ይዘው። መዶሻቸውንና አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ሚስማር ግን በረንዳው ላይ ተዉ። ረስተው እንደሆነ ለዓቢዳ ብለው እንደሆነ አልነገሩንም። እኔ በዚያው ቀን ገባሁ። ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሺውን ይዘን ወልድያ ነበርን።

መሐንዲሱ ረቡዕ መጣ። ግድግዳውን በጣቱ እየመታ ሲዞር ዓቢዳ በእያንዳንዱ ምት ትደነግጥ ነበር። ልስን እንዳይረግፍ። አራት መቶ ሺውን ያወጣል ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ነው። ዓርብ አልደወሉም። ቅዳሜ ባንኩ እስከ እኩለ ቀን ነው፤ ዓቢዳ ስልኩን በእጇ ይዛ ማንጎውን ስትዞረው አረፈደች፤ መሬቱ ላይ መንገድ አወጣች። ለእኩለ ቀን ሃያ ደቂቃ ሲቀር ፍፁም ደወለ። ገንዘቡ በአያ ታደሰ ስም ወጥቷል። ከአርባ አምስቱ ሦስት ቀን ተርፏል።

እልል አላለችም። «ሦስት ቀን» አለች ብቻ። ከዚያ የማሳ ጫማዋን አወለቀች። ከዚያ መልሳ አጠለቀችው።

አሁን ጥር ነው። ቤቱን ገዝታለች፣ ክፍሏን ግን አልለወጠችም። የፊት ቤቱን እኔ ይዤዋለሁ፤ ከቅድሚያዬ ገና ሦስት ወር ይቀረኛል። ከዚያ በኋላም የምከፍለው ሁለት ሺህ ቀጥታ ወደ ባንኩ ስለሚሄድ ልቀቂልኝ ልትለኝ አትችልም። በገዛ ቤቷ የኋላ ክፍል ትኖራለች፣ አራት ዓመት በኖረችበት። አብዛኛው ልብሷም ከረጢት ውስጥ ነው።

«ኧረ ቤቱ የኔ ነው በይ!» እላታለሁ።

«የባንኩ ነው» ትለኛለች። «ቀጥሎ ያንቺ ነው። ቀጥሎ ማንጎው ላይ የሚያድሩት ወፎች ነው። ከተረፈ የኔ ነው።»

በገና ሰሞን የማርያምን ሥዕል ልሰቅል ፈለግሁና እንደ ደንቡ ጠየቅኋት። በሩ ላይ ቆማ ግድግዳውን፣ እኔን፣ ሥዕሉን አየች።

«ተከራይ ሚስማር አይመታም» አለችኝ። ፊቷ ላይ ሳቅ የሚባል አልነበረም። ከዚያ የአያ ታደሰን መዶሻ ይዛ መጣች፣ ራሷ መታችልኝ። ልስኑ በመዳፍ ልክ ረገፈ። የረገፈውን በእግሯ ሰበሰበችና ወጣች።

በማግስቱ ከኋላ ክፍል መዶሻ ሰማሁ። ገብቼ ሳይ የሶላት ልብሷን ከበሩ ጀርባ ሰቅላዋለች። በሳምንቱ ሚስማሩን ነቅላ ከመስኮቱ አጠገብ መታችው። ከዚያ እንደገና ከአልጋው በላይ። ዛሬም ጎሕ ሲቀድ መዶሻው ሲያንኳኳ ነቃሁ፤ አራተኛው ነው። ልስኑን ራሷ ትለስነው። እኔ ምን ቸገረኝ፣ ተከራይ ነኝ።